ዕጩው የተናገሩት፣ ፕሬዚዳንቱ የከፈሉት፦ የ1960ው የአሜሪካ ምርጫና «የሚሳይል ክፍተት»

ለፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ከስድሳ ዓመታት በፊት በሌላ አገር ስለተካሄደ ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ ለሥልጣን የሚወዳደር ዕጩ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ ብሔራዊ ደኅንነት የሚናገረውን ቃል እንዴት ማንበብ እንደሚገባን ለመመርመር፣ ከ1960ው የኬኔዲና የኒክሰን ውድድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያን ጊዜ ምስጢር ከነበሩት ሰነዶች አብዛኞቹ ዛሬ ተከፍተዋል። በመሆኑም ማን ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን፣ ሲናገር ምን ያውቅ እንደነበር ጭምር ማመሳከር እንችላለን። በቅርብ ጊዜ ለተካሄዱ ምርጫዎች ይህ ዕድል እምብዛም የለንም። ወራቱንና ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ስለ ኩባ በጻፍሁት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሪቻርድ ኒክሰን በኦክቶበር 1960 በቴሌቪዥን ክርክር ላይ የተናገሩትን ጠቅሼ፣ ኒክሰን በኩባ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን አጥብቀው ይቃወሙ እንደነበር ደመደምሁ። ጥቅሱ ትክክል ነበር፤ ቀኑም ቦታውም አልተሳሳተም። አማካሪዬ ግን ጽሑፉን ሲመልሱልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው ነበር፦ «ይህን ሲናገር ምን ያውቅ ነበር?» ያን ጊዜ ቅር ተሰኝቼ ነበር። መልሱን ለማግኘት የፈጀብኝን ጊዜ ባልናገር እመርጣለሁ፤ ወደ መልሱ ግን እመለስበታለሁ።

ነገሩ የሚነሣው ከ1957 ነው። በኦገስት ወር ሶቪየት ኅብረት አር-7 የተባለውን አህጉር ተሻጋሪ ባለስቲክ ሚሳይል በተሳካ ሁኔታ ሞከረች፤ ኦክቶበር 4 ቀን ደግሞ በዚያው ሮኬት ስፑትኒክን ወደ ሕዋ አመጠቀች። የአሜሪካ ሕዝብ የሁለቱን ድምር ወዲያው ተረዳ፤ ሳተላይት የሚያመጥቅ ሮኬት የኑክሌር ቦምብ ተሸክሞ ውቅያኖስ ሊሻገር ይችላል። ኒኪታ ክሩሽቾቭም ይህ ፍርሃት እንዳይበርድ ተግተው ሠሩ፤ አገራቸው ሚሳይልን እንደ ቋሊማ በገፍ እንደምታመርት ይፎክሩ ነበር። ፉከራው ባዶ ነበር። አር-7 ግዙፍና ውድ ከመሆኑም በላይ ነዳጅ ሞልቶ ለማስወንጨፍ ብዙ ሰዓታት ይወስድ ስለነበር፣ በብዛት አልተተከለም። ይህን ግን ዋሽንግተን ላይ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም ነበር።

በእርግጠኝነት የማይታወቅ ነገር ሲገጥም የስለላ ተቋማት ይገምታሉ። በዲሴምበር 1957 የወጣው ግምገማ፣ ሶቪየቶች በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት 500 አህጉር ተሻጋሪ ሚሳይሎች ሊኖሯቸው እንደሚችሉ አመለከተ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። ግምገማው የሚናገረው ስለ ዐቅም ነው፤ ፋብሪካዎቹ በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ ምን ያህል ሊያመርቱ እንደሚችሉ። «ሊኖሯቸው ይችላል» የተባለው ጋዜጣ ላይ ሲደርስ «ይኖሯቸዋል» ሆነ፤ የምርጫ መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ «እየቀደሙን ነው» ተባለ። ከዚህም ሌላ ግምቱ ከተቋም ተቋም ይለያይ ነበር። የአየር ኃይሉ ቁጥር ዘወትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ ቁጥር ዝቅ ያለ ነበር። አዲሶቹ ሚሳይሎች ቢታዘዙ የሚረከበው አየር ኃይሉ መሆኑን ልብ በሉ። ሆን ብለው ዋሹ ማለቴ አይደለም። ሰው መሥሪያ ቤቱ በተቀመጠበት ወንበር በኩል እንደሚያይ ግን እናንተም ሥራ ስትይዙ ታረጋግጣላችሁ።

የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆን ኬኔዲ ኦገስት 14 ቀን 1958 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ባደረጉት ረዘም ያለ ንግግር፣ አሜሪካ በሚሳይል ወደ ኋላ የምትቀርበትና ለአደጋ የምትጋለጥበት ዘመን እየመጣ ነው ሲሉ አስጠነቀቁ። ብቻቸውን አልነበሩም። ቀደም ሲል የአየር ኃይል ሚኒስትር የነበሩት ሴናተር ስቱዋርት ሲሚንግተን ከእርሳቸው በላይ ጮኸው ይናገሩ ነበር፤ ሲሚንግተንም በ1960 የዲሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ከተወዳደሩት አንዱ ናቸው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ በመጨረሻ ላይ በእኛው አገር ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። በጃንዋሪ 1960 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቶማስ ጌትስ፣ ግምገማው ከእንግዲህ ሶቪየቶች ሊሠሩ የሚችሉትን ሳይሆን ይሠራሉ ተብሎ የሚታመነውን እንደሚቆጥር ለምክር ቤቱ ሲያስረዱ፣ ተቃዋሚዎች ነገሩን ቁጥር ለማሳነስ የተደረገ ማጭበርበር አድርገው ወሰዱት። ጌትስ ልክ ነበሩ። ዳሩ ግን ልክ መሆናቸውን የሚያሳየውን ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ሊያኖሩት አይችሉም ነበር።

ማስረጃው የት ነበር? በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር መሳቢያ ውስጥ። ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን ከጁላይ 1956 ጀምሮ በሶቪየት ሰማይ ላይ እየበረረ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ፎቶግራፎቹ ከሙከራ ጣቢያው ውጭ የተተከሉ ሚሳይሎች በብዛት እንዳሉ አላሳዩም። ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ አገሪቱን በሙሉ አላዳረሰም፤ የለም ብሎ ለመማል አይበቃም ነበር። ሜይ 1 ቀን 1960 ተመትቶ የወደቀው የፓወርስ አውሮፕላን ሊያያቸው ከታቀዱት ቦታዎች አንዱ በሰሜን ሩሲያ የሚገኘው ፕሌሴትስክ ሲሆን፣ የሄደበትም ምክንያት እዚያ የሚሳይል ማስወንጨፊያ እየተሠራ ነው የሚል ጥርጣሬ ስለነበረ ነው። ስቨርድሎቭስክ አካባቢ ተመታ፤ ፕሌሴትስክ አልደረሰም። የፓሪሱ የመሪዎች ጉባኤ ፈረሰ፤ በረራውም ቆመ፤ የምርጫው ዘመቻም ያለ መልስ ቀጠለ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ውስጥ ግን ኮሮና የተባለው የስለላ ሳተላይት ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምድር መለሰ። ስሙ ዛሬ ለሁላችንም ሌላ ነገር እንደሚያስታውስ አውቃለሁ። በአንድ ጉዞ ብቻ ያነሣው የሶቪየት ግዛት ስፋት ዩ-2 በአራት ዓመታት ካነሣው ሁሉ ይበልጥ ነበር። የፕሮግራሙ ምስጢር ለሕዝብ የተገለጠው በ1995 ነው። ይህም ማለት በ1960 ለምርጫ የወጣው አሜሪካዊ፣ ዘመቻው ከቆመበት ዋና ክስ ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን ማስረጃ ለማየት 35 ዓመታት መጠበቅ ነበረበት።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ማጠንጠኛ ይህ ነው። በታክስ፣ በትምህርት ወይም በገበያ ዋጋ ጉዳይ ዕጩው ያልሆነ ነገር ቢናገር፣ በሥልጣን ላይ ያለው ወገን መዝገብ ገልጦ ሊያፍረው ይችላል። በብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ግን የሚናገረው አያውቅም፤ የሚያውቀው አይናገርም። አይዘንሃወር ፎቶግራፉን ቢያሳዩ እንዴት እንደተነሣ ያጋልጣሉ፤ ባያሳዩ ደግሞ ያስተባበሉት ቃል የፓርቲ ክርክር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛውን መረጡ። ሥልጣን ሊያስረክቡ ቀናት ሲቀሩት፣ በጃንዋሪ 1961 ለምክር ቤቱ በላኩት መልእክት የሚሳይል ክፍተት የተባለው ነገር ምናባዊ ለመሆኑ ምልክቱ ሁሉ እንደሚታይ ገለጹ። ያን ጊዜ ምርጫው ካለቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

ኬኔዲ ታዲያ ዋሽተዋል? ተማሪዎቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው። የሲአይኤ ዳይሬክተር አለን ዳለስ በጁላይ 1960 ሃያኒስ ፖርት ወደሚገኘው ቤታቸው ሄደው ስለ ዓለም ሁኔታ ገለጻ አድርገውላቸዋል። ኬኔዲ ስለ ሚሳይል ውድድሩ ሲጠይቁ፣ ዳለስ ጥያቄው የሚመለከተው መከላከያ ሚኒስቴርን ነው የሚል መልስ ሰጧቸው። ይህ መልስ አላስደነገጣቸውም፤ ክፍተት አለ ብሎም የለም ብሎም አላስጠነቀቃቸውም። እኔ በበኩሌ ኬኔዲ ውሸት መሆኑን እያወቁ ተናገሩ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አላየሁም። ነገር ግን አጥብቀው ላለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነበራቸው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ መልስ የቀረው ጥያቄ ለዘመቻው ይጠቅም ነበርና። በሥነ ምግባር ረገድ ይህ ከውሸት የሚያንስ ይመስለኛል፤ በውጤቱ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

የኒክሰን ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ያበላሸውም እርሱ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን፣ ለአራተኛው ክርክር አንድ ቀን ሲቀረው፣ የኬኔዲ ዘመቻ ካስትሮን የሚታገሉ ኩባውያን ስደተኞች እንዲደገፉ የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። በማግስቱ ኒክሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ሐሳቡን በኃላፊነት የማይናገር ሰው ሐሳብ ነው አሉ፤ አሜሪካ የፈረመቻቸውን ስምምነቶች ያስጥሳል፣ ወዳጆቿን ያሳጣታል፣ ክሩሽቾቭንም ይጋብዛል ብለው ተከራከሩ። ግሩም የሕግ ክርክር ነው፤ አሁንም ሳነበው ያሳምነኛል። ችግሩ፣ አይዘንሃወር ስደተኞችን አስታጥቆ የማሠልጠኑን ምስጢራዊ ዕቅድ በማርች 1960 አጽድቀውት ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኒክሰንም ከዕቅዱ ዋነኛ ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ። ምስጢሩን ለመሸፈን ሲሉ ያመኑበትን ነገር በአደባባይ አወገዙ። እርሳቸውም በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ይህንኑ አምነዋል፤ ኬኔዲ ዕቅዱ ተነግሯቸው እያወቁ አጠቁኝ ሲሉም ከሰዋል። ዳለስ ክሱን አለመግባባት ነው ብለው አስተባበሉ። ለእኛ የሚያስፈልገን ነጥብ ግን ይህ ነው፤ የክርክሩን ቃል በቃል ጽሑፍ ብቻ ይዞ የሚሠራ ተመራማሪ ሁለቱን ሰዎች ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል።

ስለ ኪሞይና ማትሱ ደሴቶች ብዙ አልልም። ከቻይና ምድር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀው የሚገኙ፣ በታይዋን መንግሥት እጅ ያሉ ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። ከአራቱ ክርክሮች በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁለቱ ዕጩዎች አንድም ስንዝር ይለቀቅ አይለቀቅ በሚል ተናከሱ። ከምርጫው በኋላ ጉዳዩ ደብዛው ጠፋ። ዘመቻ ላይ ድምፁ የበረታው ጉዳይ ሁሉ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ያህል ጠቀስሁት።

ኖቬምበር 8 ቀን ኬኔዲ አሸነፉ። ከ68 ሚሊዮን በላይ መራጮች ድምፅ በሰጡበት ምርጫ የሁለቱ ልዩነት 120,000 እንኳ አልሞላም። የሚሳይል ክፍተት ምርጫውን ወሰነ ማለት አይቻልም፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ልዩነት ምንም ነገር አልወሰነም ማለትም አይቻልም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አዲሱ የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ ሥራ ሲጀምሩ ካስቀደሟቸው ነገሮች አንዱ የክፍተቱን ልክ ማጣራት ነበር። ሳምንታት ወስደው የስለላ ፎቶግራፎቹን ራሳቸው አዩ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1961 ጋዜጠኞችን ቢሯቸው ጠርተው፣ ስሜ አይጠቀስም ብለው በማመን፣ ክፍተት የለም፣ ካለም ለእኛ የሚያደላ ነው አሏቸው። በማግስቱ ዜናው የጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ማክናማራ በኋለኛ ዘመናቸው እንደተረኩት፣ የሪፐብሊካን መሪዎች ምርጫው ይደገም እስከማለት ደርሰው ነበር፤ እርሳቸውም ሥራቸውን ለመልቀቅ ጠይቀው ፕሬዚዳንቱ አልተቀበሏቸውም። ኬኔዲ ከሁለት ቀን በኋላ በሰጡት ጋዜጣዊ መግለጫ ጥናቱ ገና አላለቀም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ የሚከራከሩት ከዕጩው ከራሳቸው ጋር ነበር።

ማርች 28 ቀን ለምክር ቤቱ ባቀረቡት ልዩ የመከላከያ በጀት፣ የፖላሪስ ሰርጓጅ መርከቦች ግንባታ እንዲፋጠንና የሚኒትማን ሚሳይል የማምረት ዐቅም እንዲያድግ ጠየቁ። በሴፕቴምበር የወጣው አዲስ የስለላ ግምገማ የሶቪየቶችን አህጉር ተሻጋሪ ሚሳይል ማስወንጨፊያዎች ከ10 እስከ 25 ብቻ አድርጎ ገመታቸው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚያም ሊያንስ እንደሚችል ዛሬ እናውቃለን። ስለዚህ ግንባታው ቀነሰ? አልቀነሰም። ሥራው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲጠናቀቅ አሜሪካ 1,000 የሚኒትማን ሚሳይሎች፣ 54 ታይታን ሚሳይሎች፣ በ41 ሰርጓጅ መርከቦች ላይ ደግሞ 656 ፖላሪስ ነበሯት። አየር ኃይሉ ከዚህም በላይ ጠይቆ እንደነበር፣ ማክናማራም ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ እንደታገሉ መዘንጋት የለበትም። እንዲያም ሆኖ፣ ክፍተት አለ ብሎ የተመረጠ መንግሥት ክፍተቱን ካጣው በኋላ መሣሪያውን ለመተው የፖለቲካ ድፍረት አላገኘም።

ኦክቶበር 21 ቀን 1961 ደግሞ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮዝዌል ጊልፓትሪክ በቨርጂኒያ፣ ሆት ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ለነጋዴዎች ባደረጉት ንግግር፣ አሜሪካ በኑክሌር ኃይል ሶቪየት ኅብረትን እጅግ እንደምትበልጥ በይፋ ተናገሩ። ዓላማው በበርሊን ጉዳይ የሚያስፈራሩትን ክሩሽቾቭን ማቀዝቀዝ ነበር። ንግግሩ እውነት ነበር፤ ግን እውነቱ ራሱ ሌላ አደጋ ወለደ። ፉከራቸው በዓለም ፊት የተገለጠባቸው ክሩሽቾቭ፣ የራቀውን ሚዛን በአቋራጭ ለማስተካከል በ1962 መካከለኛ ርቀት የሚወነጨፉ ሚሳይሎችን ኩባ ላይ ለመትከል ወሰኑ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ መሆኑን ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ይስማሙበታል፤ ሌላው ኩባን የመከላከል ፍላጎት ነበር። ይህም ከቤይ ኦፍ ፒግስ ጋር ይያያዛል፤ ኬኔዲ በኤፕሪል 1961 ወደዚያ ዳርቻ ከላኳቸው 1,400 ገደማ ስደተኞች ከ1,100 በላይ የሚሆኑት ተማርከዋል። ዘመቻው ላይ ስለ ኩባ ያን ያህል ከተናገሩ በኋላ የወረሱትን ዕቅድ መሰረዝ ምን ያህል ይከብዳቸው እንደነበር አስቡት። በዲሴምበር 1962፣ የኩባው ቀውስ ካለፈ በኋላ፣ በድምፅ በተቀዳ አንድ ስብሰባ ላይ ስለ ሚሳይል ክፍተቱ ተረት ሲነሣ፣ ኬኔዲ ተረቱን ካሰራጩት አንዱ እኔ ነበርሁ ብለው በራሳቸው ቀልደዋል። ቀልዱን የሰሙት በክፍሉ የነበሩት ብቻ ናቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሁለቱ ኃያላን ነው። ያው የ1960 ዘመቻ ግን እኛንም በሁለት በኩል ነክቶናል፤ አንዱ ኬኔዲ በተናገሩት፣ ሌላው ማንም ባልተናገረው።

ኦክቶበር 14 ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ኬኔዲ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። ደክሟቸው ነበር፤ የተዘጋጀ ንግግርም አልያዙም። በብርድ ለጠበቋቸው ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ ሄዶ በአፍሪካ አገሮች ለማገልገል የሚፈቅድ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ወረወሩ። ተማሪዎቹ ፊርማ አሰባስበው ጥያቄውን ወደ እርሳቸው መለሱት፤ ከምርጫው ስድስት ቀን በፊት በሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ጓድን እንደሚያቋቁሙ ቃል ገቡ። ኒክሰን ከውትድርና መሸሺያ ይሆናል ብለው አጣጣሉት። በሴፕቴምበር 1962 ከ270 በላይ የሰላም ጓድ መምህራን አዲስ አበባ ገቡ፤ መሪያቸው ሃሪስ ዎፎርድ የኬኔዲ የምርጫ ዘመቻ ባልደረባ የነበሩ ናቸው። አባቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ሒሳብ የተማሩት ከእነርሱ በአንዱ እጅ ነበር። እስኪያረጁ ድረስ የማባዛት ምልክትን በአሜሪካኖቹ አጣጣል ነጥብ አድርገው ይጽፉ ነበር፤ እኔ ልጅ ሳለሁ በዚህ ምክንያት የቤት ሥራዬን ስንት ጊዜ እንደተሳሳትሁ አልረሳውም።

ያልተነገረው ደግሞ ይህ ነው። በዚያው በ1960 ኦገስት፣ ሁለቱ ዕጩዎች ስለ ሚሳይል ሲከራከሩ፣ የአይዘንሃወር መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ምስጢራዊ ስምምነት አደረገ። አሜሪካ 40,000 ወታደሮች ያሉትን የኢትዮጵያ ጦር ለማሠልጠንና ለማስታጠቅ ተስማማች፤ የኢትዮጵያን የግዛት አንድነት የሚነካ ድርጊትንም እንደምትቃወም ገለጸች። ሶማሊያ ነጻ ከወጣች ሁለት ወር አልሞላትም ነበር፤ አሜሪካ በበኩሏ አስመራ የሚገኘውን የቃኘው ጣቢያ ማጣት አትፈልግም ነበር። ለአፍሪካ ቀንድ ከኪሞይና ማትሱ ይልቅ ይህ ስምምነት ምን ያህል እንደከበደ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በአራቱ ክርክሮች ውስጥ ግን ስሙ አልተነሣም። ኬኔዲ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የአፍሪካ ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ስለ አፍሪካም በዘመቻው ደጋግመው ተናግረዋል።

ስምምነቱ ለአሜሪካ ሕዝብ የተገለጠው በ1970 ነው። አሜሪካ በውጭ አገሮች የገባቻቸውን የደኅንነት ግዴታዎች እንዲመረምር የተቋቋመው የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ባለሥልጣናቱን ጠርቶ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ተዋውላችኋል፣ ለምንስ ለምክር ቤቱ አልነገራችሁም ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው ያዙልኝ ያልኋችሁ ሴናተር ናቸው፤ ከአሥር ዓመታት በፊት ስለ ሚሳይል ክፍተት ከማንም በላይ የጮኹት ስቱዋርት ሲሚንግተን።